የመቀስ ቁጥር ስድስት ጥፋት የእኔ ስለመሆኑ

ቀን፦ ጥር 14

ለታዳጊዎች ማረሚያ ተቋም ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በመዝገብ ቁጥር 118 ላይ የተጨመረው የሰባት ወር ቅጣት እንዲነሳ፣ የማይነሳ ከሆነም ወደ እኔ እንዲዛወር ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

እኔ አመልካች በተቋምዎ የሴቶች ክፍል ሁለት ዓመት ቆይቼ ኅዳር 6 ቀን የተለቀቅሁ፣ ዕድሜዬ አሥራ ሰባት የሆነ ነኝ። በደንቡ የታዳጊ ስም በማመልከቻ ላይ ስለማይጻፍ በመዝገብ ቁጥር እጠቅሳለሁ። የእኔ 131 ነው። ይህን የምጽፍላት 118 ናት። እኛ ግን ከቅጥነቷ የተነሳ ጭራሮ ነው የምንላት፤ በዚህ ስም ብጠራት እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ።

1. በስፌት ክፍል ጭራሮና እኔ አራተኛው ማሽን ላይ ነበርን። የዚያ ማሽን ፔዳል ከተሰበረ ቆይቷል። ስለዚህ አንዷ መዘውሩን በእጇ ስታዞር ሌላዋ ጨርቁን ትመራለች። ጭራሮ ታዞራለች፣ እኔ እመራለሁ። እኔ ሰው ፊት መናገር ስለሚያቅተኝ "አቁሚ" ማለት ሲኖርብኝ በእግሬ እግሯን እነካታለሁ። በዚህ ዓይነት አንድ ዓመት ከአራት ወር የአልጋ ልብስ ሰፍተናል። ከሌሎቹ ማሽኖች የእኛ ይዘገይ ነበር፤ ስፌቱ ግን ቀጥ ያለ ነበር።

2. የገባሁበት ጥፋት በመዝገቤ ስላለ አላስረዝመውም። ያሳደገችኝ አክስቴ ሥራ ስትሄድ ልጇን ለእኔ ትታ ነበር። ልጁ ሁለት ዓመት ከመንፈቁ ነበር። ምድጃው ላይ ውሃ ጥጄ፣ በሩን ከውጭ ቆልፌ፣ ጎረቤት ቤት ድራማ ለማየት ሄድኩ። አሥር ደቂቃ ብዬ ነው። እስኪያልቅ ቆየሁ። ስመለስ ልጁን በሕይወት አላገኘሁትም። ችሎት ላይ ዳኛዋ የምለው ካለ ሲጠይቁኝ ምንም አላልኩም። አክስቴ ከኋላዬ "ተናገሪ እንጂ! ምን ሆነሽ ነው ጥለሽው የሄድሽው?" ስትል ሰምቻታለሁ። እስከ ዛሬም አልመለስኩላትም።

3. ተቋሙ እንደገባሁ የምሳ ዳቦዬን ለሌሎች እሰጥ ነበር። ልጆቹ ደግነት መስሏቸው ነበር። የነቃችብኝ ጭራሮ ብቻ ናት። አንድ ቀን ከፊቴ ተቀምጣ "ዳኛዋ የፈረደችው አነሰሽ እንዴ? እሷ ያን ሁሉ ተምራ የወሰነችውን አንቺ ከአምስተኛ ክፍል ተነስተሽ ልታሻሽዪው ነው?" አለችኝ። ሳቄ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳቦውን ራሷ ቆርሳ እየሰጠችኝ እስክውጥ ድረስ አፌን ታያለች። "ዋጪ። አንቺ ብትራቢ እሱ አይጠግብም" ትለኝ ነበር። እንዲህ ብሎ ስለ ልጁ ያነሳብኝ ሌላ ሰው የለም። ሁሉም እንዳልሰማ ይሆናል።

4. እንደሚያውቁት በስፌት ክፍል ስምንት መቀሶች አሉ። ሰሌዳው ላይ የየመቀሱ ቅርጽ በቀለም ተስሎ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ሁሉም በየቅርጹ ላይ ሳይሰቀል ማንም ከክፍሉ አይወጣም። ጥቅምት 28 ቀን ቁጥር ስድስት ጎደለ። የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሰውንም ሆነ ራሴን ልጎዳበት አልነበረም። ልፈታ ስምንት ቀን ቀርቶኝ ነበር፤ መውጣት ፈራሁ። አክስቴ ያለችበትን ሰፈር ማየት ፈራሁ፤ ደግሞም ሁለት ዓመት ለአንድ ልጅ የሚበቃ አልመሰለኝም። መቀስ የደበቀ ጊዜ እንደሚጨመርበት ስለማውቅ፣ ይጨመርብኝ ብዬ ከቀሚሴ ጫፍ በቀደድኩት ጨርቅ ጠቅልዬ በማሽናችን ሥር ባለው የክር ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ሳጥኑ የሁለታችን መሆኑን አላሰብኩም።

5. መቀሱ ሲገኝ አስተማሪያችን "ከሁለታችሁ ማናችሁ?" አሉ። ይህንኑ ጥያቄ ስጠብቅ ነበር፤ ሲመጣ ግን ምላሴ ተሳሰረ። ጭራሮ ዞር ብላ አየችኝ። ወዲያው "እኔ ነኝ እትዬ፣ ጥፍሬን ልቆርጥበት ነው" አለች። መቀሱ ክንድ የሚያህል የጨርቅ መቀስ ስለሆነ ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። አስተማሪያችን አልሳቁም። በኋላ እውነቱን ልናገር ነው ስላት "ዝም በይ። እሱን እንደሆነ ታውቂበታለሽ። አንቺ ውጪ፣ እኔ እከተልሻለሁ" አለችኝ። እሷ የምትፈታው ታኅሣሥ 30 ነበር። የሚጨመርባት ሁለት ሦስት ሳምንት መስሎን ነበር፤ ኮሚቴው ሰባት ወር የጨመረው እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው። ቢሆንም ስምንት ቀን ነበረኝ። በስምንቱም ቀን አልተናገርኩም።

6. ጭራሮ የካቲት 20 ቀን አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላታል። በደንቡ እስከዚያ ያልተፈታች ወደ ትልልቆቹ ወህኒ ቤት ትዛወራለች። ከዛሬ ጀምሮ ሠላሳ ስድስት ቀን ነው። ጠያቂ ዘመድ የላትም። እኔም የተለቀቀ ሰው ዓመት ሳይሞላው ለጥየቃ ስለማይገባ ላያት አልቻልኩም።

7. በታኅሣሥ ወር ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ መጥቻለሁ። መጀመሪያ ቀን መናገር አቅቶኝ ተመለስኩ። በሁለተኛው የበሩ ጥበቃ "አንቺ ልጅ፣ ሰው ከዚህ ለመውጣት ይሳላል፣ አንቺ ለመግባት ትለምኛለሽ?" ብለው እየሳቁ ወደ መዝገብ ቤት ላኩኝ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ በትዕግሥት ሰሙኝ። ማስረጃ ሲጠይቁኝ ጫፉ የተቀደደው የተቋሙ ቀሚሴ ዕቃ ክፍል አለ አልኩ። ደውለው አጣሩ፤ የወጣች ልጅ ቀሚስ ተቆራርጦ የወለል መወልወያ ሆኗል ተባለ። ጭራሮንም አስጠርተው ጠየቋት። "እኔ ነኝ የወሰድኩት። ያቺ የዋህ ስለሆነች ነው" ብላ ፈረመች። ሠራተኛውም "ባለቤቷ ካመነች ምን ላድርግልሽ ልጄ? ኮሚቴው አንዴ ያጸናውን አፍርሶ አያውቅም። ይልቅ ኑሮሽን ኑሪ" አሉኝ። ክፋት ብለው እንዳልሆነ አውቃለሁ።

8. አሁን አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቁልፍ እተክላለሁ፤ የማድረውም ጓዳቸው ውስጥ ነው። የእሳቸው ማሽን ፔዳሉ ደህና ነው፤ ስሰፋበት ግን ስፌቱ ይጣመምብኛል። "እጅሽ ሰው የሚጠብቅ ይመስላል" ይሉኛል። አክስቴን አንድ ቀን መንገድ ላይ አየኋት። አይታኝ ወደ ማዶ ተሻገረች። አልፈረድኩባትም። በዚያም ቀን ቢሆን ምሳዬን በልቻለሁ።

9. ስለዚህ የጭራሮ ቅጣት ከየካቲት 20 በፊት ተነሥቶላት እንድትፈታ እለምናለሁ። ይህ የማይሆን ከሆነ ሰባቱ ወር በእኔ መዝገብ ላይ ይጻፍ። እኔ አሥራ ስምንት እስኪሞላኝ አሥር ወር አለኝ፤ በእኔ ላይ ቢሆን እዚያው ግቢ ውስጥ ያልቃል። በእሷ ላይ ከሆነ ግን ወህኒ ቤት ያደርሳታል። ደግመው ቢያስጠሯት "እኔ ነኝ" እንደምትል አውቃለሁ። እባክዎ አይመኗት።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይህን የጻፍኩት ዛሬም ራሴን ለመቅጣት እንዳይመስልዎ። ያኔ እዚያ መቅረት ፈልጌ ነበር። አሁን አልፈልግም፤ ውጭ መኖር ገና እየለመድኩ ነው፤ መመለስም ያስፈራኛል። ቢሆንም ከተጠራሁ በጠሩኝ ቀን እመጣለሁ። የአቤቱታ መልስ የሚሰጠው ማክሰኞ ማክሰኞ መሆኑን ነግረውኛል። እስከ የካቲት 20 ድረስ ባሉት ማክሰኞዎች ሁሉ በሩ ላይ እገኛለሁ። ከዚያ በኋላ የሚጻፍ መልስ ካለ ለእኔ ማስቀመጥ አያስፈልግም።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ በማመስገን፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
መዝገብ ቁጥር 131 የነበርኩት