መሬማ የምታውቀው ዜማ

ጥቅምት 26፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
የኪነት ቡድናችን ልምምድ እንደገና ተበላሸ። የሳክስፎኔ ክዳኖች በእርጥበት አብጠው ትንፋሽ ያስወጣሉ። ሐሚድ፣ የበርታው ከበሮ መቺያችን፣ ከኩርሙክ ያመጣው የዓረብ ደርቡካ ቆዳው ላልቶበት ፀሐይ ላይ ያሞቀዋል። ይመር ብቻ ዝግጁ ነው። የወሎው ሰፋሪ አዝማሪ። ማሲንቆውን አቅፎ ይጠብቀናል።

ደብተሬ፣ ይህን ቅልቅል ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ልወቀስ። በአጭር ሞገድ ራዲዮ የምዕራብ አፍሪካ አዝማሪዎች ሰምቼ ነው። የሰውን ዘር ማንዘር በስም እየጠሩ ያዜማሉ፣ ከኋላቸው ጃዝ ይነፋል። ለይመር ባሰማው ቋንቋውን ሳያውቅ ገባው። የእኛው ሥራ ነው አለ። ስም የማይጠራ ምኑን አዝማሪ ሆነ!

ጥቅምት 28
የቡድኑ ኃላፊ ጠራኝ፤ ተቆጥቷል። ይመር ትናንት መድረክ ላይ የሚስቱን ስም ዘፍኗል፤ መሬማን ያያችሁ እያለ። ከወሎ ለሰፈራ ሲጫኑ ተለያዩ። እሱ ወደዚህ ወደ አሶሳ፣ እሷ ወደ ፓዌ። ያንንም ከአንድ ሹፌር ነው የሰማው። ከእንግዲህ የሰው ስም መድረክ ላይ አይጠራም ተባለ። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ኅዳር 2፣ ማታ
ለሰፋሪዎች ልንጫወት ፓዌ ልንሄድ ነው! በጭነት አውሮፕላን። ይመር ሲሰማ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። አፈርኩ።

ኅዳር 3
ይመር ቀረ። ሰፋሪ ከጣቢያው አይወጣም። ለመንኩ፤ ያለ እሱ ዘፈን የለንም አልኩ። ኃላፊው አንተ ትነፋለህ፣ ሐሚድ ይመታል፣ በቂ ነው አለ። እዚያ ከሰፋሪ ጋር የግል ወሬም ክልክል ነው።

ለይመር ነገርኩት። ማሲንቆውን አንስቶ ለሠርጋቸው ያወጣውን ዜማ ያስተምረኝ ጀመር። ከእሱ በቀር የሚጫወተው የለም፤ መሬማ ከሰማች ትመጣለች አለ። የዜማው መዝጊያ ግን እምቢ አለኝ። እሱ እያንሸራተተ ወደ ታች የሚጥለውን እኔ ሽቅብ እዘጋዋለሁ። የጃዝ አመል! ደጋግሞ አረመኝ፣ ደጋግሜ ሳትኩ።

ኅዳር 7፣ ፓዌ
ነፋሁት። ምነው ባልነፋሁት። አንዲት ሴት ብድግ አለች። መሬማ ናት አልኩ። ሌላዋ ተነሳች። ከዚያ ረድፉ በሙሉ። የአገራቸውን ቅኝት ሰምተው ነው እንጂ የይመርን ሠርግ የት ያውቁታል? ያለቅሳሉ። መዝጊያውን እንደ ልማዴ ሳትኩ።

ስወርድ ከበቡኝ። ማን አስተማረህ? አሶሳ ነው ያለ? ወንድሜ ይሆን? አንዷ እጄን ይዛ አልለቅም አለች፤ ልጇ ጠፍቶባታል። የመንደሩ ካድሬ መጣ። መሬማ የምትባል አለች ወይ ብዬ መጠየቅ አምሮኝ ነበር። ሲያየኝ ዋጥኩት። እንዴት ራሴን እንደጠላሁት!

አውሮፕላኑ ውስጥ ሐሚድ፣ "ሴቱ ሁሉ ተነሳ። ሁሉም ሰው ጠፍቶበታል። እኛ ምን አመጣንለት?" አለኝ።

ኅዳር 8፣ አሶሳ
ይመርን የጣቢያው ሜዳ ዳር ቆሞ አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት፣ አለመጠየቄንም። አልተቆጣም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መዝጊያውን ሳትክ ወይ አለኝ። ሳትኩ። ተነስቶ ያረመህ የለም? የለም።

"እንግዲያ እዚያ መንደር አልነበረችማ፣ ወንድም ዓለም። መሬማ ዜማዋ ሲበላሽ ዝም አትልም። ከመድረክ ጎትታ ታወርድህ ነበር።"

ፈገግ ብሎ ነው የተናገረው። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ኅዳር 11፣ ጠዋት
ቀጣዩ ጉዞ ቶንጎ ነው። የፓዌ መንደር ብዙ ነው፣ እኛ ያየነው አንዱን ብቻ፤ መቼ እንደምንመለስ የሚነግረን የለም። ብንመለስም ይመር አይሄድም።

ዛሬ ስለማመድ መዝጊያው ወረደልኝ። ልክ እንደ እሱ፣ ወደ ታች። ደስ ብሎኝ ዞርኩ። ይመር እጁን ሳክስፎኑ ላይ ጫነ፤ እንዳታስተካክለው አለኝ። ልክ ከሆነማ ከሌሎቹ ጋር ቆማ ታለቅሳለች እንጂ ልታርምህ ወደ አንተ አትመጣም።

ወሰንኩ። በደረስኩበት ሁሉ ሽቅብ እዘጋዋለሁ።