ለእማዬ የተረጎምኩት ፊልም

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 13፣ 1996

እሁድ ሽማግሌ ይመጣል። እህቴ ሂሩት የነገረችኝ መታጠቢያ ቤት አስገብታኝ፣ ውሃውን ከፍታ ነው። እማዬ እንዳትሰማ። እማዬ ግን አውሮፕላን ከምታጸዳበት ሺፍት ገና አልተመለሰችም ነበር። ባዶ ቤት ውስጥ ነው የተንሾካሾክነው።

"ከማን ወገን?" አልኳት። የሞኝ ጥያቄ። ከዳዊት ወገን ነው እንጂ ከማን ሊሆን ነው።

ሂሩት የምትወደው ዳዊት እዚህ ካልጋሪ ኤርፖርት ካርጎ ውስጥ ይሠራል። ሰው ሲያናግረው ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል፣ እኔን እንኳ። ችግሩ እሱ አይደለም። ችግሩ እናቱ ናቸው፣ እትዬ ዘነበች። አዲስ አበባ በአያቴ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። እማዬን አዝለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አሁን አንድ ቸርች ነው የምንሄደው። እማዬ በር ላይ ትስማቸዋለች። መኪና ውስጥ ስንገባ ግን "የኛ ዘነቡ አዲስ ኮት ገዝታለች እኮ" ትላለች። "የኛ" ስትል ወደ መስኮቱ እዞራለሁ።

አባቴ ስለሞተ ሽማግሌ የሚቀበሉት የእማዬ ወንድም ጋሼ ታደሰ ናቸው። እሳቸው ያውቃሉ። ለእማዬ ዓርብ ይነግሯታል።

"እስከዛ አንቺ አለሳልሺልኝ" አለችኝ ሂሩት።

"እኔ?"

"አንቺን ትሰማሻለች።"

"እኔ አልናገርም እኮ።"

"ለዛ ነዋ የምትሰማሽ!"

እየሳቀች ነው ያለችው፤ ውሃውን ግን ሁለት ጊዜ ዘግታ ከፈተችው። እንደዛ ስትሆን አይቻት አላውቅም።

ብርዱ ከፍቷል። የፊት በሩ ሥር ያለውን ፎጣ እንደገና ጠቀጠቅኩት። ያ በር ክረምቱን ሙሉ አልተከፈተም። እኛም እንግዳም የምንገባው በጓሮ በር ነው።

እንዴት ነው የማለሳልሳት? ምን ብዬ?


ረቡዕ

ዛሬ የቫለንታይን ቀን ስለሆነ ክፍል ውስጥ ሁሉም የወረቀት ልብ ሲሰጣጡ ዋሉ። ለእኔም አንድ ደረሰኝ። ከአስተማሪዋ። ለሁሉም ነው የሰጠችው።

ከትምህርት ቤት ስወጣ በባስ ፎረስት ሎን ሰፈር ሄድኩ፣ ህንዶቹ ሱቅ። ቅመም ይሸጣሉ፣ ከኋላ ደግሞ ፊልም ያከራያሉ። የምፈልገውን ፊልም አውቀዋለሁ፣ በፊት አይቼዋለሁ። አንዲት የሀብታም ልጅ ከቤታቸው ወጥ ሠሪ ልጅ ጋር የምትዋደድበት ነው። ያስቃል። የልጅቷ እናት መጀመሪያ እምቢ ትላለች፣ መጨረሻ ላይ ትመርቃለች። ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የለውም። ለዛ ነው የመረጥኩት። ለእማዬ የምተረጉምላት እኔ ነኝ፤ ምን እንደተባለ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ሂንዲ የት ተማርሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ "ከፊልም" ነው የምለው። ውሸት አይደለም። እውነቱን በሙሉ ግን አልናገርም። እዚህም ልጽፈው ፈርቼ ነበር።

ናይሮቢ ሳለን እማዬ የህንዶች ቤት ነበር የምትሠራው። ሳህን ታጥባለች፣ ወለል ትወለውላለች። እኔን ይዛኝ ትሄድ ነበር። ትምህርት ቤት የለም፣ የት ትተወኛለች? እኔ የአያትየዋን እግር እያሸሁ አብሬያቸው ፊልም አያለሁ። እንደዛ ነው የለመድኩት። እማዬ አንድ ቃል እንኳ አትመልስላቸውም ነበር። እነሱ ይናገራሉ፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። እዚህ ስንመጣ "ናይሮቢ ሱቅ ነበረን፣ እሺ?" አለችኝ። እሺ አልኩ። ሂሩት ያኔ አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ስለነበረች አታውቅም። ማንም አያውቅም።

የምፈራቸው፦
እማዬ እምቢ ብላ ሂሩት ጥላን እንዳትሄድ።
እማዬ እሺ ብላ በኋላ እትዬ ዘነበችን ሰው ፊት እንዳታዋርድ።
ስተረጉም ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ።
ናይሮቢን ሳላስበው እንዳልናገር።


ሐሙስ

እማዬ ዛሬ ኦፍ ናት። ነጭ ሽንኩርት ይዛ ካውቹ ላይ ተቀመጠች። ከህንድ ፊልም ሌላ አታይም። "አይሳሳሙም፣ ዛፍ ነው የሚዞሩት" ትላለች። ስለዚህ ኃጢአት አይደለም።

ልንጀምር ስንል እትዬ አልማዝ መጡ። እዚሁ ዶቨር ሰፈር ጎረቤታችን ናቸው፣ ቸርች ኳየር ውስጥ ይዘምራሉ። እሳቸው ካሉ ዝምታ የለም።

ፊልሙ ላይ የልጅቷን አባት ጥርሱን ያመዋል። የወጥ ሠሪዋ ልጅ ነጭ ጋዋን ለብሶ ሐኪም ነኝ ብሎ ይገባል። ደህናውን ጥርስ ይነቅለዋል። አባትየው ደግሞ "ተሻለኝ!" ብሎ ያቅፈዋል። እትዬ አልማዝ በሳቅ ሞቱ።

"ኧረ በጌታ! ካልጋሪ ቢሆን ይሄኔ ተከሷል!"

ከዚያ እናትየዋ የማን ልጅ እንደሆነ ታውቃለች። "የሠራተኛ ልጅ ሶፋዬ ላይ!" ብላ ትጮኻለች። እንዲህ ብዬ ተረጎምኩ፦

"'ልጁን ወድጄዋለሁ፣ የሰው አፍ ነው የሚያስፈራኝ' ትላለች።"

"ይቺ ናት የፈራችው?" አሉ እትዬ አልማዝ። "ዓይኗ ሊወጣ ነው እኮ!"

"ህንዶች ሲፈሩ ይጮኻሉ፣ እትዬ።"

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። እማዬ ነጭ ሽንኩርቱን መላጥ አቆመች። አየችኝ። ረጅም ጊዜ። ከዚያ "ቀጥይ" አለች።

ቀጠልኩ። ወጥ ሠሪዋን አስተዋይ አደረግኳት። ልጅቷ ያላለችውን ስለ እናት ፍቅር ብዙ ነገር አስባልኳት። ስተረጉም አላፍርም፣ የኔ ቃል አይደለማ። ዛሬ ግን የኔ ቃል ነበር። ግማሽ ላይ እትዬ አልማዝ ልሂድ ሲሉ አቆምነው።

ማታ ሳህን ሳጥብ እማዬ ከኋላዬ መጥታ ቆማ ነበር። ዞር ስል ሄደች።


ዓርብ

ጋሼ ታደሰ መጡ። እኔ የቤዝመንቱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ሰማሁ።

"የማን ልጅ?" አለች እማዬ።

"የዘነበች።"

ወንበር ሲሳብ ሰማሁ።

"የኛ ዘነቡ?"

"አሁን የማንም አይደለችም፣ አስቴር። አገሩ ካናዳ ነው።"

"አገሩን አልጠየቅኩህም።"

ጋሼ ታደሰ እንደሄዱ ሂሩት ከሥራ ገባች። ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ተጀመረ። እማዬ አትጮኽም። ቀስ ብላ ስትናገር ነው የሚያስፈራው።

"ሳህኔን ያጠበች ሴት ሰርግ ላይ ከጎኔ ልትቀመጥ ነው?"

"አንቺስ አውሮፕላን አይደለም የምታጥቢው?"

"እሱ ሥራ ነው። ዩኒፎርም አለው። እኔ የሰው ቤት ገብቼ የሰው ሳህን አጥቤ አላውቅም!"

እኔ ደረጃው ላይ መሆኔን ታውቃለች። ጫማዬ እዛው የደረጃው በር ላይ ነበር። እያወቀች ነው ያለችው።

ሂሩት "እምቢ ካልሽ ኤድመንተን እንሄዳለን፣ ከዛ በኋላ አታዩኝም" ብላ አለቀሰች።

አንድ ቃል ብቻ ብናገር ይበቃ ነበር። ናይሮቢ። እማዬ ከዚያ በኋላ ምን ትመልሳለች? አፌ ውስጥ ነበር። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። እማዬን ፈርቼ አይደለም። ብናገረው ፊቷ ምን እንደሚሆን ፈርቼ ነው።

እራት ማንም አልበላም።


ቅዳሜ

መጻፍ ያቅተኛል፣ ግን ካልጻፍኩ እረሳዋለሁ።

እማዬ ከጠዋት ሺፍት ስትመለስ ሂሩት ሥራ ነበረች። ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ካውቹ ላይ ተቀመጠች።

"ያንን ፊልም ክፈቺው።"

ከፈትኩት። የቀጠለው ያ የምፈራው ቦታ ነው። እናትየዋ ወጥ ሠሪዋን ጠርታ ታባርራታለች። ወጥ ሠሪዋ ታለቅሳለች። እኔ ምን ብዬ እንደምለውጠው ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ ነበር ያደርኩት።

"'ይቅርታ፣ ትናንት ተቆጥቼ ነው፣ ተቀመጪ' ትላታለች" አልኩ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ሴትየዋ በጣቷ በሩን እያሳየች ነው።

"እንደዛ አላለችም" አለች እማዬ።

ሪሞቱ ከእጄ ወደቀ።

"'ጨርቅሽን ሰብስቢና ውጪ። በጓሮ በር። ሁለተኛ የፊት በሬን እንዳትረግጪ' ነው ያለቻት።"

ቃል በቃል። አንድ አላጎደለችም።

"እማዬ፣ ሂንዲ ትችያለሽ?"

"ጠዋት ማታ ሲናገሩኝ ምን የምሆን መሰለሽ? አንቺ ቁጭ ብለሽ የለመድሽውን እኔ ቆሜ ለመድኩት።"

"ታዲያ ለምን ዝም ትያቸው ነበር?"

"እንደማይገባኝ ካሰቡ፣ ያልተሰደብኩ ይመስለኝ ነበር።"

ስክሪኑን እያየች ነው የምትናገረው። እኔን አይደለም። ያቺ የህንዶቹ እመቤት ስታባርራትም እንደዚሁ እንዳለቻት ነገረችኝ። ያን ቀን ትዝ ይለኛል። እማዬ ጥቅልል ይዛ በወጥ ቤቱ በር ወጣች፣ "ሥራው አለቀ" አለችኝ። መንገድ ላይ ሸንኮራ ገዛችልኝ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ሸንኮራ እየበላሁ ደስ ብሎኝ ነበር!

"የሐሙሱንም ሰምተሻል?" አልኳት።

"ህንዶች ሲፈሩ ይጮኻሉ" አለች። ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም።

ከዚያ ፊልሙን ራሷ አቆመችው።

"ዘነቡ ከአባቴ ቤት ስትወጣ በየት በር እንደወጣች ትዝ አይለኝም" አለች። ተነሥታ ገብታ ተኛች።

ነገ ምን ልትል ነው? ሂሩት ስትመጣ "ምን አለች?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት።


እሁድ

ከቸርች በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እንደማንኛውም ሰው በጓሮ በር ገቡ፣ ቡትስ አወለቁ፣ በካልሲ ሳሎን መሐል ቆሙ። አንዱ ካልሲያቸው ተቀዶ አውራ ጣታቸው ይታያል። "የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። ሂሩት ቤዝመንት ናት። እኔ ወጥ ቤት፣ ሻይና ሳምቡሳ ይዤ፣ በበሩ ስንጥቅ አያለሁ።

ብዙ ተናገሩ። ስለ ዳዊት፣ ስለ ጸባዩ፣ ስለ ሥራው። የእናቱን ስም አልጠሩም። እየዘለሉት መሆኑ ያስታውቅ ነበር። ጋሼ ታደሰ እማዬን እያዩ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። እማዬ መስኮቱን ታያለች።

"ያ የቆመው መኪና የማን ነው?" አለች ድንገት።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "የልጁ ነው። እሱ ነው ያመጣን።"

"ብቻውን ነው?"

"እናቱም አለች። ቤት ሆኜ ከምጨነቅ ብላ..."

"በዚህ ብርድ መኪና ውስጥ?" አለችና "ትግስት!" ብላ ተጣራች። ማንኪያ ወደቀብኝ። "ሂጂ፣ እትዬ ዘነበችን ግቡ በያቸው።"

ወደ ጓሮ በር ሮጥኩ።

"በዛ አይደለም። በፊት በር።"

ፎጣውን አወጣሁ። ቁልፉ ዞረ፣ በሩ ግን አልተነቃነቀም። በረዶ ይዞታል። ገፋሁት፣ በእግሬ መታሁት። ሳሎኑ ሁሉ ያየኛል፤ በሌላ ቀን ቢሆን በዚያው እሞት ነበር። ጋሼ ታደሰ መጥተው በትከሻቸው ገፉት። ተሰነጠቀ የመሰለ ድምፅ አሰማና ተከፈተ። ብርዱ እንደ ሰው ዘው ብሎ ገባ።

እትዬ ዘነበች መስኮቱን ዝቅ አድርገው "እኔን ነው? እርግጠኛ ነሽ፣ ልጄ?" አሉ። ዳዊት ከንፈሩ ደርቋል፣ መሪውን ጨብጦ ቀረ። እሳቸው ወርደው በልማድ ወደ ጓሮ መዞር ጀመሩ። እጅጌያቸውን ያዝኩ። "በዚህ ነው፣ እትዬ።" ማንም ባልረገጠው በረዶ ውስጥ እስከ ጉልበታችን እየገባን ሄድን።

እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። አልተቃቀፉም። ከዚያ እማዬ እጇን ዘረጋችና ኮታቸውን ተቀበለች። ያንን አዲሱን ኮት። በረዶውን አራግፋ ሰቀለችው።

ሻዩን ይዤ ስገባ እትዬ ዘነበች ተነሥተው ትሪውን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ።

"እትዬ ዘነበች፣ ይቀመጡ" አለች እማዬ። "ልጅቷ ታቀርባለች።"

ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹም ያኔ ተቀመጡ።

መጨረሻ ላይ ጋሼ ታደሰ "ተመካክረን እንነግራችኋለን፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ" አሉ። ወደ ቤዝመንት ሮጥኩ።

"እምቢ አሉ!" አልኳት ሂሩትን፣ እያለቀስኩ።

"ምን ነው ያሉት? በትክክል?"

ነገርኳት። ትራሱን ወረወረችብኝ። "አንቺ ሞኝ! እምቢ የሚል ሰው ቀጠሮ ይሰጣል?" አለችና እሷ ደግሞ አለቀሰች።


ሰኞ፣ ፋሚሊ ዴይ

የቤተሰብ በዓል ስለሆነ ሁላችንም ቤት ነን። እማዬና ሂሩት ጨው አቀብዪኝ ብቻ ይባባላሉ። እማዬ እሺ አላለችም። እምቢም አላለችም። ሂሩት ቀጠሮው እሺ ማለት ነው ትላለች። እኔ አላምንም፣ ሁለት ሳምንት ብዙ ነው።

ፊልሙን ነገ መመለስ አለብኝ። እማዬ "መጨረሻውን እንየው" አለች። ሂሩትም መጥታ ተቀመጠች። አባትየው ሙሽራውን ሲመርቅ "ጥርሴን መልስልኝ!" ይላል። እኔ አፌን ሳልከፍት እማዬ ሳቀች።

ሂሩት ዞር ብላ አየቻት። "እንዴ፣ ሳትተረጉምልሽ ነው የሳቅሽው?"

"ፊቱን አይቼ ነው" አለች እማዬ። እኔን አላየችም።

ሂሩት ስትሄድ እማዬን ወጥ ቤት ተከተልኳት።

"የናይሮቢውን ለሂሩት የምነግራት እኔ ነኝ" አለች።

"መቼ?"

"ሲሆንልኝ።"

ሳይሆንላት ቢቀርስ? ሂሩት ከሌላ ብትሰማስ? አልጠየቅኳትም።

አሁን ፎጣውን ወደ ፊት በሩ ልመልስ ስል "ተዪው" አለች። ብርድ ይገባል አልኳት። "ይግባ።"

ተውኩት። ይህን ስጽፍ እግሬ ቀዝቅዟል። በሩ ሥር ቀጭን ብርሃን ይታያል።