ቧንቧ ሳይፈነዳ ያውቁ የነበሩት የእህታችን የሕይወት ታሪክ

እህታችን ከቧንቧ ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ የካቲት 3 ቀን 1956 ዓ.ም. ከውኃ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ከአራት ዓመት በኋላ አንድ ወንድም ተከተላቸው።

አባታቸው ከመሬት በታች የሚሄደውን ውኃ የሚያዳምጡበት የብረት ዘንግ ነበራቸው። አንዱን ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አድርገው የትኛው መጋጠሚያ እንደሚያንጠባጥብ ይለያሉ። እህታችን ዘንጉን ለመያዝ ቢለምኑ «አንቺ ደብተርሽን ያዢ» ተባሉ፤ ዘንጉ ለታናሽየው ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ እህትና ወንድም አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ሲቀና መኖሩን፣ እህታችን ራሳቸው «ታሪኬ ሲነበብ እንዳትዘሉት» ብለው አዝዘዋል።

ትምህርታቸውን ከክፍል አንደኛ እየወጡ ጨርሰው በ1975 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በዚያው ዓመት አባታቸው ስላረፉ ወንድማቸው ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ፣ ዘንጉን ይዞ በአባቱ ቦታ ተቀጠረ። በ1979 ዓ.ም. በስታቲስቲክስ ሲመረቁ በተነሡት ፎቶግራፍ ላይ ከዳር የቆመው ወንድማቸው ፊቱን ያጠቆረው ፀሐይ መትቶት አልነበረም።

በ1983 ዓ.ም. ከሒሳብ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ጎጆ ቀልሰው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። በ1996 ዓ.ም. አባታቸው ወደሠሩበትና ወንድማቸው ወዳለበት ውኃ መሥሪያ ቤት ተዛወሩ። የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የተጫነበት ኮምፒውተር ሲቀርብላቸው፣ የሠላሳ ዓመት የጥገና ቅጾችን አስገቡበት፦ የቧንቧውን ዕድሜ፣ የአፈሩን ዓይነት፣ የውኃውን ግፊት። ሶፍትዌሩም ከዚያ ክምር ውስጥ ምልክት እየፈለፈለ በሚቀጥለው ዓመት የትኛው መሥመር እንደሚፈነዳ ይተነብያል። ሊፈትኑት የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት መረጃ ደብቀው ያስገምቱት ነበር፤ ከአሥሩ ስምንቱን ያገኛል። መሥሪያ ቤቱ «ወይዘሮ ግምት» የሚል ስም አወጣላቸው። ምድር ቤት ያሉት ጠጋኞች ደግሞ ወንድማቸውን «አንተ ተንበርክከህ የምትፈልገውን እሷ ወንበር ላይ ሆና ታገኘዋለች!» ይሉታል። አብሯቸው ይሥቃል፤ ሣቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም።

በ2004 ዓ.ም. ሶፍትዌሩ ከዱቄት ፋብሪካው ጀርባ ያለውን አሮጌ ሠፈር «አያሰጋም» ብሎ አረንጓዴ ቀባው። ጠጋኞቹም፣ ወንድማቸው ጭምር፣ ከዚያ ተነሥተው ሌላ ቦታ ተመደቡ። ወንድማቸው የተሳተው ምን እንደሆነ ገብቶታል። በዚያ ሠፈር ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንጠባጠቡን በዘንጉ እየሰማ፣ መጋጠሚያው ሳይፈነዳ ሲያጠብቅ ኖሯል። ቅጽ የሚሞላው ደግሞ ለፈነዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ሠፈሩ ደኅና ነው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ቅናት አፉን ለጎመውና «እስቲ ኮምፒውተሯ ይስማ» ብሎ ዝም አለ።

ጠጋኞቹ በተነሡ በአራተኛው ወር የዚያ ሠፈር ቧንቧ ፈነዳና የአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ክፍሎች ወለል ሰመጠ። ልጆቹ ለዕረፍት ወጥተው ስለነበር እግዚአብሔር አተረፋቸው። እህታችን ኮሚቴ ፊት ቀርበው «ስሕተቱ የእኔ ነው» አሉ፤ ከቦታቸው ሊነሡ ሆነ። ያን ጊዜ ወንድማቸው ሁለተኛ ፎቅ ወዳለው ቢሯቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። «እትዬ፣ እኔ አውቅ ነበር። ዝም ያልኩት ቀንቼ ነው» አላቸው።

እሳቸውም ወንበር ሳቡለትና «ተቀመጥ። ከየትኛው መጋጠሚያ እንጀምር?» አሉት።

ወንድማቸው በኮሚቴው ፊት ቀርቦ ያንኑ ተናገረ። ለአሥራ አንድ ሳምንት እሱ እያስታወሰ፣ እሳቸው እየጻፉ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት መጋጠሚያዎች ተመዘገቡ። ይህ የተጻፈበትን አዲስ የሰንጠረዥ ዓምድ «ጆሮ» አሉት። ሶፍትዌሩም ያን ሠፈር ከሁሉ አስቀድሞ ቀይ ቀባው፤ ቧንቧውም ተቀየረ። እህታችን በቦታቸው ጸንተው እስከ ጡረታቸው አገለገሉ። የወንድማቸው ቅናት ግን እንደ አሮጌ መጋጠሚያ ነው፤ ቢያጠብቁትም አልፎ አልፎ ማንጠባጠቡ አልቀረም።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በመጨረሻው ሳምንት ወንድማቸው ዘንጉን ይዞ እንዲመጣ አዘዙ። ከአልጋቸው ራስጌ በግድግዳው በሚያልፈው ቧንቧ ላይ አስደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። «ለካ ይሄን ሁሉ ዘመን ይሄን ለብቻህ ስትሰማ ኖረሃል! ቀናሁብህ እኮ አንተ» አሉት። «እኔስ፣ እትዬ» አለ። ሁለቱም ሣቁ።

እህታችን በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ አንድ የልጅ ልጃቸውንና ወንድማቸውን ትተዋል።

ደካማውን የማይንቅ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥ። ጆሮ ሰምቶት የማያውቀውን ሊሰሙ ቀድመው ሄደዋል፤ ወንድማቸው በዚህም ይቀናል።