«ረዳት ሆንኩ» አለችኝ

ሚያዝያ 8
ሁለት የልብስ ስፌት መኪና ጠገንኩ። አንዱ ክር ሲበጥስ የከረመ፣ ሌላው ባለቤቱ ነካክቶ ያበላሸው።

የእህቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲዋ ደወለች። ለዶክትሬቷ ጉንዳን ማጥናት ከጀመረች አራት ዓመቷ… እዚህ በራፌ ላይ በነጻ አልነበረም እንዴ ጉንዳኑ? «ቤተሰቦችሽ ደህና ናቸው? ንግሥቲቱስ?» አልኳት እንደ ልማዴ። አልሳቀችም።

የፕሮፌሰሯ የምርምር ገንዘብ አልቋል። የትምህርት ክፍሉ ሌላ ድጋፍ ካልሰጣት አቋርጣ ትመጣለች።

«አይዞሽ፣ መላ አይጠፋም» አልኳት። በሆዴስ? በሆዴ «ትምጣ!» አልኩ።

ሚያዝያ 9
ክፍሏን ጠረግኩ። አልጋዋን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፣ እንደምትወደው። የልጅ ሕልም ሲሰበር አንሶላ የሚቀይር ምን ዓይነት አጎት ነው?

ሚያዝያ 21
ከትምህርት ክፍሉም ወሬ የለም፣ ከእሷም ስልክ የለም። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ቀና እላለሁ።

ግንቦት 2
ጠዋት መልእክት ላከች። «ጋሼ፣ ረዳት ሆንኩ!» በቃ፣ ይኸው ነው።

ክው አልኩ። ያቺ የጉንዳን ሊቅ ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥላ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ስትል ታየችኝ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ «ምን ሆነሃል?» አለች። ነገርኳት። «ውይ በሞትኩት! ያን ሁሉ ተምራ?» እስከ ምሳ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ።

ከሰዓት ደወልኩላት።
«የኔ ልጅ፣ ሥራ ክቡር ነው። ብቻ በሩ ላይ አትንጠልጠይ።»
«የምን በር?»
«የታክሲው ነዋ!»

እስኪያስላት ሳቀች። የማስተማር ረዳት ማለቷ ነው። ጀማሪ ተማሪዎችን ቤተ ሙከራ ታስተምራለች፤ ትምህርቷ በነጻ፣ ደሞዝም አላት። እስክትጨርስ፣ ሁለት ዓመት። በእረፍቱም ታስተምራለች።

«ስለዚህ ጋሼ… መምጣቱ አይሆንም።»
«እሰይ!» አልኩ። ጮክ ብዬ። ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ።

ግንቦት 3
ልብስ ሰፊዋ ዛሬም ልታጽናናኝ መጣች። «የታክሲ ረዳት አይደለም፣ የዩኒቨርሲቲ ነው» አልኳት። «ያው ነው፣ አልመጣችልህም» አለችኝ።

ልጅቷ ራሷ ደወለች። «ትናንት ድምፅህ ልክ አልነበረም። ከፋህ እንዴ?»
«ምን ይከፋኛል! ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሳይሻማኝ ሻዬን ልጠጣ አይደል?»

ሳቀች። ድሮ ከቀልዴ ሥር ያለውን ፈልፍላ የምታወጣ ልጅ፣ ዛሬ አመነችኝና ወደ ተማሪዎቿ ሄደች።

እንኳን አመነችኝ…