አባዬን ማን ያርዳው?

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ዛሬም መብራት ሄደ። የሆስፒታላችንን የኤምአርአይ ማሽን እንደገና ማስነሣት፣ እንደገና መጠበቅ። ወገቤ አልቋል። ከመቂ የመጡ አንዲት እናት ማሽኑ ውስጥ ገብተው ጸሎት ጀመሩ። አይንቀሳቀሱ ስላቸው አሜን ይሉኛል።

ተረኞቹ ሲያልቁ አባዬን አስገባሁት። ዋሽቼ። ማሽኑ ተጠግኖ መሞከሪያ ሰው ጠፋ አልኩት፤ ደስ ብሎት ተኛልኝ። እውነቱን አንቺ ታውቂያለሽ፣ ማስታወሻዬ። ቧንቧ ከፍቶ ይረሳል። ከምሳ በፊት ያወራኝን ከምሳ በኋላ እንደ አዲስ ያወራኛል። ባለፈው ከገበያ ሲመለስ የገዛ በራችንን አልፎ ሄደ።

የእኔ ሥራ ማንሣት ነው፤ ማንበብ የዶ/ሩ ነው። ግን ስንት ጭንቅላት አንሥቻለሁ፣ የት እንደሚታይ አውቃለሁ። ባላይ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ጥር 22

ዶ/ሩ አነበበው። ሂፖካምፐስ የሚሉት፣ አዲስ ነገር የሚይዝልን የአንጎል ክፍል፣ በሁለቱም በኩል ለዕድሜው ከሚጠበቀው በላይ ቀንሷል። የመርሳት ሕመም መጀመሪያ ሊሆን ይችላል አለኝ። ፎቶ ብቻውን አይፈርድም፤ የደም ምርመራ፣ የማስታወስ ፈተና ይጨመር፣ ከዓመት በኋላ ደግመን አንሥተን እናወዳድር። በጊዜ መታወቁ ደግ ነው፣ አባትሽ ገና ራሱ ሊመክርበት ይችላል አለ።

ራሱ እንዲመክር መጀመሪያ ሊነገረው ነዋ።

ለወንድሜ ለዳንኤል ደወልኩ። መቂ ሽንኩርት እያስጫነ ነበር፤ በጩኸቱ መሀል አንድ ነገር ብቻ አለኝ፣ ለአባዬ እንዳይነገር። እሺ አልኩት። ቶሎ ነው እሺ ያልኩት፤ ስለገላገለኝ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እሑድ፣ ጥር 24

አባዬ ከተኛ በኋላ ነው የምጽፈው።

አባዬ የሰፈሩ መርዶ ነጋሪ ነው። ዘመድ የሞተበት ሰው ማታ አይነገረውም። ይብላ፣ ይተኛ ተብሎ ይደበቃል፤ ንጋት ላይ ሽማግሌዎች ሄደው ያረዱታል። እድሩ ለዚህ ቀድሞ የሚጠራው አባዬን ነው፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ አይቸኩልም።

ትናንት የጎረቤታችን የእትዬ ጫልቱ እኅት፣ ቡልቡላ ከተማ የምትኖረው፣ አርፋለች። ኦቦ ገመቹ፣ የእድራችን ሰብሳቢ፣ ጠዋት እትዬ ጫልቱ በር ላይ እንገናኝ ብለውት ነበር። አባዬ ቀደማቸው። ያንኳኳው ግን የሌላዋን ጎረቤታችንን፣ የእትዬ አስቴርን በር ነው። በዚያ በለስላሳ ድምፁ እኅትሽ አረፈች አላቸው። የእትዬ አስቴር እኅት በሕይወት አለች፤ አዳሚ ቱሉ ቤቷ ዶሮዎቿን እያበላች ነው።

ጩኸቱ ከአልጋዬ አነሣኝ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እትዬ ጫልቱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ሟቿ የራሳቸው እኅት መሆኗን ሳያውቁ፣ እትዬ አስቴርን አቅፈው አለቀሱ። ማየት አቃተኝ።

አንዱ ወደ አዳሚ ቱሉ ደወለ፤ ሴትየዋ ራሷ አነሣች። ኦቦ ገመቹ ሲደርሱ ነገሩ በአንድ እይታ ገባቸው። እትዬ ጫልቱን ቀስ ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዷቸው። ተመልሰው ለአባዬ፣ ከቡልቡላ የመጣው ወሬ ነው ያሳሳተን አሉት። ያሳሳተን። እትዬ አስቴር እንኳ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ሰው ሁሉ ሸፈነው፤ እሱም አመነ መሰለኝ። ራቱን በልቶ ተኛ። ደግነታቸው አንጀቴን በላው።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

የልብስ ሰፊው የግርማ አባት ሞተዋል። ኦቦ ገመቹ ትናንት ሥራ ቦታ ደወሉልኝ፤ መርዶውን በሌላ ሰው እናስነግራለን፣ እንዳትቀየሚን አሉኝ። እሺ።

አባዬ ለካ ሰምቷል። ዛሬ ገና ሳይነጋ ጋቢውን ለብሶ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሏል። ይጠሩኛል ብሎ። ሻይ ሰጠሁት፣ አልነካውም። ፀሐይ ወጣች። ከግርማ ቤት ልቅሶው ተሰማ። አባዬ ጋቢውን አወለቀ፣ አጣጠፈው፣ ገባ። እኔ የቀዘቀዘውን ሻይ ደፍቼ ሥራ ሄድኩ፤ ፈሪ ነኝ።

ዓርብ፣ ጥር 29፣ ጠዋት

ቁርስ ላይ ጠየቀኝ። ያ ማሽን ውስጥ ለምን እንዳስገባሁት። ማሽኑን ልንሞክር ነው አልኩት፣ ዛሬም። ኩባያውን አስቀመጠ። ያለኝን እንዳለ ልጻፈው፦

«እኛ ሰው የምንደብቀው ለአንድ ሌሊት ነው፣ ልጄ፤ እንዲተኛ። እናንተ እኔን ስንት ሌሊት ልታስተኙኝ ነው?»

ተነሥቼ ክፍሌ ገባሁ።

ለዳንኤል ደወልኩ። ዛሬ እነግረዋለሁ አልኩት። ልትገድይው ነው ብሎ ጮኸብኝ። ዘጋሁበት። ሥራም አልገባም፤ አስፈቅጃለሁ። ፎቶውን አሳየዋለሁ፣ ዶ/ሩ ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግረዋለሁ። ያልታወቀውንም አልታወቀም እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚል አላውቅም። ነገ ደግሞ ቢረሳውስ? ደግሜ ላርዳው ነው? በየቀኑ?

እየጠራኝ ነው። ልሰማሽ ተቀምጫለሁ፣ ነይ ይለኛል። መጣሁ አልኩት።