አርባ ሁለቱ ድምፆች የእኔ ናቸው

ለክቡር የፊልም ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበሩት አራቱ የኮሚቴ አባላትና ይህን ሁሉ የሥራ ጫና ለተሸከሙት የአዳራሹ ወንበሮች ሙሉ ጤና እመኛለሁ። በተለይ ጆሮዎ እንዴት ሰነበተልኝ? ባለፈው ወር «ብረት ጫማ» የተባለውን ፊልም ሲገመግሙ ከሠላሳ ሰባተኛው ደቂቃ ጀምሮ ሁለቱንም ጆሮዎን በመዳፍዎ ይዘው እንደነበር ከቃለ ጉባኤው አንብቤ፣ በጥፋቴ ከልብ አዝኜ፣ ከዚያም ቁርሴን በልቻለሁ።

እኔ የፊልሙ ድምፅ ሠሪ ነኝ። ሥራዬን ለማያውቅ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ ተዋናይ ካሜራ ፊት ሲራመድ ኮቴው፣ በር ሲዘጋ ጓጓታው፣ ሲደበደብም አጥንቱ እንደሚገባ ስለማይሰማ፣ እኔ በኋላ መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ ምስሉን እያየሁ ድምፁን በእጄና በእግሬ እሠራለሁ። ይህን መሥራት ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን ስሜ በፊልም ማብቂያ ላይ፣ ተመልካቹ ጎንበስ ብሎ የወደቀ ጃኬቱን በሚፈልግበት ሰዓት ሲያልፍ ኖሯል። ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው ያነበበልኝ የመጀመሪያው አካል የእርስዎ ኮሚቴ ነው፤ ያነበበውም የሙያ ፈቃድ ካርዷን የሚነጥቃትን ሴት ስም ለማወቅ ነው። ስለተሰጠኝ ትኩረት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ካርዱ የሚመለስልኝ ከደብዳቤዎ ጋር ተያይዞ የመጣውን ቅጽ ፈርሜ ስመልስ እንደሆነ ተገልጾልኛል። በቅጹ ላይ አርባ ሦስት ድምፆች ተዘርዝረዋል። ከአንድ እስከ አርባ ሁለት ያሉት የፊልሙ ናቸው። አርባ ሦስተኛው ግን ፊልሙ ውስጥ የሌለ፣ እኔው ቀርጬ በማስረጃነት ለመንደራችን ጽሕፈት ቤት ያቀረብኩት ድምፅ ነው። ከሁሉም ሥር «ከላይ የተዘረዘሩት በሙሉ በእኔ በሙያተኛዋ ብልሃት የተሠሩ የፈጠራ ድምፆች መሆናቸውን አረጋግጣለሁ» ይልና ለፊርማዬ ሦስት ጣት የሚያህል ቦታ ይተውልኛል። ብፈርም ሰኞ ሥራዬ ላይ ነኝ። ባልፈርም ከእንግዲህ ፊልም ቤት የምገባው ቲኬት ቆርጬ ነው። መልሴን በአደባባይ የምጽፈው እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ፤ በፖስታ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መዝገብ ቤትዎ ደርሰው ከዚያ በኋላ የት እንደገቡ ስለማይታወቅ፣ አራተኛው እንዳይጠፋ ብዙ ሰው ይዞት ይቆይ ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ስለ አጥንቶቹ።

እንደሚያውቁት ፊልሙ ከኮሚክ መጽሐፍ የተወሰደ ነው፤ ሲሠራ ጫማ የሚጠግን፣ ሱቁን ሲዘጋ ደግሞ ጭንብሉን አጥልቆ፣ ሶሉ ብረት የሆነ ጫማውን ተጫምቶ፣ ሕግ ያልደረሰባቸውን ወሮበሎች አንድ በአንድ እየረገጠ የሚሄድ ሰው ታሪክ ነው። መጽሐፉ ላይ ሰውየው ከመታየቱ በፊት «ቋ… ቋ… ቋ» የሚል ጽሑፍ ገጹን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። ዳይሬክተሩ ሲቀጥረኝ «መጽሐፉን ያነበበ ሰው ድምፁን በዓይኑ ሰምቶታል፤ ሲኒማ ገብቶ ይህ አይደለም ካለ አለቀልን» አለኝ። እኔም የታዘዝኩትን አደረግሁ።

ኮሚቴው በፊልሙ ስድሳ አንድ ሟቾች ላይ ቅሬታ የለውም። ምስሉን «ወኔ ቀስቃሽና ለወጣቱ አርአያ የሚሆን» ብሎ አጽድቆታል። ያገደው ድምፁን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም «ከልክ በላይ እውነተኛና የሰው አካል ሳይጎዳ ሊገኝ የማይችል» ሆኖ አግኝቶታል። ክቡር ሆይ፣ በሙያችን ሽልማት የሚባል ነገር የለም፤ ይህችን ዓረፍተ ነገር ግን በፍሬም አድርጌ ሳሎን ሰቅያታለሁ።

ምንጩን ግለጪ ስለተባልኩ እነሆ እገልጻለሁ። የተሰበሩት ጉልበቶች በሙሉ በእርጥብ ፎጣ የተጠቀለሉ ካሮቶች ናቸው። የጎድን አጥንቶቹ ቆዳ ጓንት ውስጥ የታጨቁ ጥሬ ፓስታዎች ናቸው። አንገት የሚጠመዘዝበት ቦታ ላይ የተጠመዘዘው ጥቅል ጎመን ነው። የወሮበሎቹ አለቃ ከአምስተኛ ፎቅ ሲወድቅ የሚሰማው አንድ ጆንያ ዱቄትና የአክስቴ አሮጌ ጃንጥላ ነው፤ ጃንጥላው አልተረፈም። አትክልት የምትሸጥልኝ ሴት አንድ ቀን ግራ ተጋብታ «እናንተ ቤት ስንት ሰው ነው የሚበላው?» ብትለኝ፣ ሐሳቤ ሥራዬ ላይ ነበርና «ስድሳ አንድ፤ ግን ሁሉም ሞተዋል» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ዋጋ ስከራከር ዝም ትላለች።

ሁለተኛ፤ ቀርቤ ስላስረዳሁበት ቀን።

በጥሪዎ መሠረት አንድ ዘንቢል ካሮትና ጎመን ይዤ ቀረብኩ። የበሩ ጥበቃ ፈትሾ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ማስረጃ ነው» አልኩት፤ «ታዲያ ትንሽ ሥጋ ብትጨምሪበት ምን ነበር» ብሎ አሳለፈኝ። በዚያ ግቢ ነገሩ በትክክል የገባው ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ለዕድገት እንዲታሰብልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አዳራሹ ውስጥ፣ ምስልና ድምፅ እንዳይቀላቀል ተብሎ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ አንድ ካሮት እንድሰብር ታዘዝኩ፤ ሰበርኩ። የኮሚቴው ጸሐፊ ፈጥነው የመዘገቡት ቃል እንዲህ ይላል፦ «ሙያተኛዋ ማንነቱ ያልታወቀን ግለሰብ ጉልበት በኮሚቴው ፊት ሰብራለች።» ከመጋረጃው ወጥቼ ሁለቱን የካሮት ስባሪዎች ባሳይም ቃሉ አልተሰረዘም። ይልቁንም ስባሪዎቹ ለምርመራ እንዲቆዩ ተወስኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብተዋል። ውጤቱ እስከ ዛሬ ስላልደረሰኝ ታካሚው በሕይወት መኖሩን እንኳ አላውቅም።

በመጨረሻም አጥንቶቹ በለስላሳ ድምፅ እንዲተኩ አዘዙኝ። እኔ ታዛዥ ሰው ነኝ። ካሮቱን በጥጥ፣ ጎመኑን በትራስ ተክቼ መለስኩላችሁ። ጀግናው በብረት ጫማው የአንዱን ወሮበላ ጣቶች ሲረግጥ «ፍፍፍ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንድ አባል ዓይናቸውን እየጠረጉ «እስቲ መልሷት» አሉና ሦስት ጊዜ አየናት። ይህኛው ቅጂ ከሰባት ዓመት ጀምሮ ላሉ ተመልካቾች ተፈቅዷል።

እዚህ ላይ ለጥቂት መስመር ያህል ቀልዴን ላስቀምጥና ቢፈቅዱልኝ የምር ልናገር። ምስል የሚያሳየው ማን እንዳሸነፈ ነው። የተሸነፈውም ሰው ጉልበት እንደነበረው የሚናገረው ድምፁ ነው። ያንን ካወጣችሁት የሚቀረው የሚያምር ጭፈራ ነው፤ ልጅ ሁሉ ቤቱ ገብቶ በእህቱ ላይ የሚለማመደው። እኔ ያን ሁሉ ካሮት የሰበርኩት ሰው እንዲሰቀጥጠው ነበር። እርስዎ ጆሮዎን ሲይዙ፣ እኔ ሥራዬን ጨርሼ ነበር ማለት ነው። በሉ ወደ ጨዋነታችን እንመለስ።

ሦስተኛ፤ ስለ አርባ ሦስተኛው።

የኮሚቴዎ ጸሐፊ ከእኔ ቤት በላይ ባለው ፎቅ ይኖራሉ። የእሳቸው ወለል የእኔ ጣሪያ ነው። ባለቤታቸው የጥርስ ክሊኒክ ረዳት ናቸው፤ በደረጃ ስንገናኝ ስለ ጥርሴ ይጠይቁኛል፣ ስለ እሳቸው ፊት ግን እንድጠይቅ ጊዜ አይሰጡኝም። እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ በጣሪያዬ በኩል አንድ ድምፅ ይመጣል። ሐሰተኛ ጥፊ ስሠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ እውነተኛውን ለመለየት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ሐሰተኛው ይጮኻል፤ ደምቆ ይሰማል። እውነተኛው አጭር ነው፤ የሚረዝመው ከኋላው የሚመጣው ዝምታ ነው።

በመጀመሪያው እሑድ ወጥቼ አንኳኳሁ። ጸሐፊው በጨዋነት ከፍተው «ዕቃ ወድቆ ነው፤ ይቅርታ ካስደነገጥንዎት» አሉኝ። በሁለተኛው እሑድም ያው ዕቃ ወደቀ። ወደ መንደራችን ጽሕፈት ቤት ሄጄ ብናገር፣ የባልና ሚስት ነገር በወሬ እንደማይገባበትና ማስረጃ እንደሚያስፈልግ ነገሩኝ። ማስረጃ ማለት ለእኔ የእጅ ሥራዬ ነው፤ ሦስተኛው እሑድ ማይክሮፎኔን ጣሪያው ሥር አቁሜ ቀረጽኩት። ሰኞ ጠዋት ባለጉዳይ የሚያስተናግደው ሹም ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ሰማና ፈገግ አለ። «እትዬ፣ እኔን ሊሸውዱ? እርስዎ እኮ የፊልም ድምፅ ሠሪ ነዎት። ይቺ የቷ ናት፣ ጎመኗ?»

ክቡር ሆይ፣ የመንግሥት አሠራር አንድ ወጥ መሆን አለበት ሲባል እሰማለሁ። እናንተ ዘንድ ካሮት ስሰብር ሰው ነው ተባልኩ። እነሱ ዘንድ ሰው ሲመታ ጎመን ነው ተባልኩ። ሁለታችሁ አንድ ቀን ሻይ ቤት ተገናኝታችሁ ብትነጋገሩ ለአገር ይጠቅማል።

አራተኛ፤ «የፊልሙ ንብረት የሆነ ድምፅን ለግል ዓላማ በማዋል አንድ ነዋሪ አስደንግጣለች» ስለሚለው ክስ።

አድርጌዋለሁ። የጀግናው ጫማ ሶሉ ላልቶ ስለነበር እንዳጠብቀው ቤቴ ነበር። ቁጥሩ አርባ አምስት ስለሆነ ሁለት ካልሲ ደርቤ፣ በቤት ቀሚሴና በሻሼ እንዳለሁ፣ አራተኛው እሑድ ከላይ ድምፁ እንደተሰማ ተነስቼ ደረጃውን መውጣት ጀመርኩ። ቋ። ቋ። ቀስ ብዬ ነው የወጣሁት፤ ጀግናው በመጽሐፉም አይሮጥም፣ የእኔም ጉልበት ካሮት አይደለም። ራሴን ፈራጅ አላደረግሁም፤ እጄንም በማንም ላይ አላነሳሁም፤ ሁለቱም እጆቼ የደረጃውን መደገፊያ እንደያዙ ነበር። እንግዲህ ጸሐፊው ከዚያ እሑድ በፊት ባለው ዓርብ ፊልሙን ከእናንተ ጋር ተቀምጠው ገምግመዋል፤ ኮቴው ደረጃ ሲወጣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ከሌላው ነዋሪ ሁሉ ለይተው ያውቁ ነበር። አሥራ አራተኛው ደረጃ ላይ ስደርስ ቤቱ ጸጥ አለ። አሥራ ስምንተኛው ላይ የመታጠቢያ ቤት በር ከውስጥ ተቆለፈ። ይህን ያህል ለፊልም ጥበብ የተማረከ ገምጋሚ በማግኘታችሁ እንኳን ደስ አላችሁ።

የውጭውን በር የከፈቱልኝ ሚስትየው ናቸው። የልብስ ሻንጣ ይዘዋል፤ ከመቼ ጀምሮ ተሸክፎ እንደቆየ እኔ አልጠየቅሁም። ከሻሼ እስከ ጫማዬ አዩኝና «እኔ ደግሞ ረጅም ሰው ነበር የመሰለኝ» አሉ። ከዚያም ብወድቅ ሊይዙኝ ይመስል ክንዴን ደግፈው ደረጃውን አብረን ወረድን፤ እሳቸው ወደ እህታቸው ቤት ሄዱ፣ እኔ ጫማውን አወለቅሁ። በሳምንቱ ሚስትየው በባላቸው ላይ ክስ መሠረቱ። ያላቸው ማስረጃ ጎመን የተባለው ቅጂ ነው። በተመሳሳይ ሳምንት፣ እግዜር ያገናኘው ነገር፣ ጸሐፊው አርባ ሦስት መስመር ያለውን ቅጽ አዘጋጅተው በእርስዎ ፊርማ ላኩልኝ።

እንግዲህ ቅጹ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተመልሷል። በአንድ ፊርማ እንዳልሸውድዎ ብዬ ከአንድ እስከ አርባ ሁለት እያንዳንዱን ለየብቻ ፈርሜያለሁ። ጉልበቱም፣ ጎድኑም፣ አንገቱም፣ ጃንጥላውም የእኔ ናቸው፤ አልክድም። አርባ ሦስተኛውን ግን ሰርዤዋለሁ። የሌላን ሰው የእጅ ሥራ በራስ ስም ማስመዝገብ በእኛ ሙያ ትልቅ ነውር ነው። የዚያ ድምፅ ሠሪ በየስብሰባው ከጎንዎ ተቀምጠው ቃለ ጉባኤ ይጽፋሉና ፊርማውን ከእሳቸው ይቀበሉ። የእኔን ካርድ በተመለከተ ከዕቃ ሁሉ ቀላሏ ስለሆነች፣ እዚያው መሳቢያዎ ውስጥ እስከፈለጉ ድረስ ትቆይ፤ ምግብ አትጠይቅም፣ ድምፅም አታሰማም።

ለኮሚቴው ሥራ ስኬት፣ ለወንበሮቹ ጽናት፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜና ያልተቋረጠ እንቅልፍ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ፣ ከአንገቴ ቀና ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
በጊዜያዊነት ሥራ የፈታችው ድምፅ ሠሪ

ሳልረሳው፦ የጎረቤቴ ጉዳይ ማክሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት በግልጽ ችሎት ይሰማል። ቅጂው በማንም ቀድሞ እንደማይገመገም ዳኛዋ ስላስታወቁ፣ እርስዎም እንደማንኛውም ሰው ከሕዝቡ ጋር ተቀምጠው መስማት ይችላሉ። የዕድሜ ገደብ የለውም። ምስልም የለውም። ርዝመቱ አራት ሰከንድ ነው።