ለማላውቀው ካውንቲ የሰጠሁት ምክር

ሐሙስ

የእማማ አስካለ ጉዳይ ቆመ። ወንድሜ ደረጀ ገና ሻይ ሳልጠጣ ከአሜሪካ ደውሎ ነገረኝ። እማማ አስካለ የባለቤቱ የሙሉ እናት ናቸው። ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ስንት ዓመት ጠብቀው፣ ሊጨርሱ ትንሽ ሲቀራቸው፣ አዲሱ ፕሬዚዳንት መጣና ቪዛው ታገደ።

ደረጀ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረም። ቢወቅሰኝ ይሻል ነበር። የዓይን ሐኪም ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ነበረኝ፣ ሳልሄድ ቀረሁ።

ዓርብ

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ከምርጫው በፊት ደረጀ «እትዬ፣ ማንን ብመርጥ ይሻላል?» ብሎ በስልክ ጠይቆኝ ነበር። የሚኖረው በቆሎና አሳማ ብቻ ባለበት ገጠር ነው፤ እሱም ሙሉም የሚሠሩት ሥጋ ፋብሪካ። አገሩን አላውቀውም። ረግጬውም አላውቅ። ግን ታላቅ ነኝና ተጠየቅሁ፤ ተጠይቄ ደግሞ ዝም ማለት አልችልበትም። «ኑሮ ተወደደ እያልክ ታለቃቅሳለህ፣ ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሥልጣን ላይ ያሉትን ቀይራቸው!» አልኩት። ሙሉ ከጓዳ ስትስቅ ይሰማኝ ነበር። ደረጀ «እሺ እትዬ» አለኝ። ደስ አለኝ። ለባሕር ማዶ ሰው መካሪ ሆንኩ።

እዚህ ጀርመን፣ ሮደልሃይም ግን፣ ዜግነቱን ይዤ፣ ባለፈው የመጣልኝን የምርጫ ፖስታ ሳልከፍተው ቀኑ አለፈ። ዛሬ መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። አፈርኩ።

ቅዳሜ

ሪድበርግ፣ ልጄ ሊዲያ ዘንድ ዋልኩ። የደረጀን ካውንቲ፣ ማለት የወረዳውን፣ የምርጫ ካርታ በስልኳ አሳየችኝ። ገበሬዎቹ ዱሮ የሚመርጡት ሌላውን ፓርቲ ነበር፤ የዱሮው ካርታ ሰማያዊ ነው። ከዚያ ምርጫ በምርጫ ሰማያዊው እየፈዘዘ ሄደ። አሁን ደም የመሰለ ቀይ፣ የአዲሱ ፕሬዚዳንት ፓርቲ ቀለም፣ ሆኗል።

«ማማ፣ ዳስ ቫርስት ዶኽ ኒሽት ዱ» አለችኝ፤ ይኼን ያደረግሽው አንቺ አይደለሽም ማለቷ ነው። ያ ሁሉ ገበሬ የኔን ምክር እንዳልጠበቀ አውቃለሁ። የኔ ጭንቅ ግን ገበሬው አይደለም፣ የገዛ ወንድሜ ነው። በእጁ የአማቱን መንገድ አስዘጋሁት።

ነገ ከቅዳሴ መልስ ደውዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ወሰንኩ።

እሑድ

ደወልኩ። «ደረጀ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። ሳቀ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ያልሽውን አልመረጥኩም። እሺ ያልኩሽ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

መጀመሪያ ተናደድኩ! እንዴት ታላቁን ይሸነግላል? ከዚያ ትንፋሼ መለስ አለ፣ ለሦስት ቀን የተሸከምኩት ነገር ወረደልኝ። ተመስገን ልል አፌን ስከፍት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሙሉ ግን ያንቺን ቃል አታልፍም» አለኝ።

ሙሉ። የእማማ አስካለ የገዛ ልጅ።

ስልኩን ስጣት አልኩት። ይቅርታዬን ሳልጀምረው «እትዬ፣ ዓይንዎ እንዴት ሆነልዎ?» አለችኝ። አለቀስኩ። «ተዉ እንጂ እትዬ፣ ስመርጥ እጄን የያዘኝ ሰው አልነበረም» አለች። እኔን ለማጽናናት ነው፤ ማን ማንን ማጽናናት ነበረበት!

ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «እናቴ ትናንት ደውላ፣ ሻንጣዬን ልፍታው ወይስ እንደታሰረ ይቆይ አለችኝ። ምን ልበላት?»

ጠየቀችኝ። አሁንም እኔን ጠየቀችኝ። መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፣ ዋጥኩት። «አላውቅም ሙሉዬ» አልኳት። ከታናሾቼ ለአንዱም እንዲህ ብዬ አላውቅም።

«እሺ እትዬ» አለችኝ።